ዑሚ ያልበላችው ሱሑር

ልጅ ቁርሱን በልቶ ይምጣ፣ ሳይበላ ይምጣ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳየው አውቃለሁ። የበላው ይሮጣል፣ ይጋፋል፣ "ጋሽ ባዬ ጺመ መጥረጊያ!" እያለ ያላግጥብኛል። ያልበላው አጥሩን ታክኮ ቀስ እያለ ይመጣል፤ እንደምን አደርክ ብለው እንኳ ዝም ነው። በዚህን ጊዜ እናቱ ላይ ቱግ እላለሁ። ኋላ እናቱን መንገድ ላይ ሳገኛት ደግሞ እሷም ሳትበላ የወጣች ናት፤ ንዴቴን ይዤ እመለሳለሁ።

እኔ እንግዲህ ባዬ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው በሚወርደው መንገድ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ዘበኛ። ደወሉም የኔ ነው። ደወል ስላችሁ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የጭነት መኪና ቸርኬ ነው፤ በብረት ሲመታ ግን ጀልባ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ሳይቀሩ ይሰሙታል። ሁለት ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ አለቀ። የርዕሰ መምህሩን ልጅ እንኳ ውጭ አስቀርቼ አውቃለሁ። ልጆቹ "ጋሽ ባዬ አይለመንም" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ማውራት የፈለግሁት ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ዑምኩልሱም ነው።

ዑምኩልሱምን ትልቁም ትንሹም ዑሚ ነው የሚላት። ከበሩ ፊት ለፊት ዋርካው ሥር የከሰል ምድጃዋን ይዛ ትቀመጣለች። ባሏ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ወባ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ከጀልባዎቹ ትንንሹን ዓሣ ትገዛና እዚያው ትጠብሳለች፤ ድንች ትቀቅላለች፤ ዳጣ አላት፣ ዓይን የሚያስለቅስ። ቤቱ ቁርስ ያላገኘ ልጅ እሷ ጋ ይበላል። ያለው ይከፍላል፣ የሌለው "ነገ" ይላታል። ያ ነገ መጥቶ አያውቅም፤ እሷም ጠይቃ አታውቅም።

አንድ ልጅ አላት፤ ሙነወር ይባላል። ለውጥ መጣ ተብሎ ከተማው ሲጨፍር ሙነወርም ባጃጅ ላይ ተንጠልጥሎ ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ ልጅ ነው። ለወጣቶች ሥራ ይሰጣል ተባለ፤ ተመዘገበ፤ ጠበቀ። ደግሞም ጠበቀ። በመጨረሻ አንድ ማለዳ ለእናቱ እንኳ ሳይነግር በባቲ በኩል አድርጎ ወደ ባሕሩ ወረደ፤ ሳዑዲ ልገባ ነው ብሎ። ከጅቡቲ ዳርቻ አንዴ ደወለላት። "እማ፣ ልንሻገር ነው፤ ዱዓ አድርጊልኝ" አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለ፣ ወሬውም የለ።

አንድ ቀን፣ ልጆቹ እየበሉ "ነገ" እያሉ ሲሄዱ፣ ተናደድኩና "አንቺ ሴትዮ፣ ምግብ ቤት ነሽ ወይስ ዘካ ሰጪ ነሽ?" አልኳት።

"ሙነወርም ይሄኔ የሆነ በር ላይ ቆሞ ይሆናል ጋሽ ባዬ" አለችኝ፣ ዓሣዋን እየገለበጠች። "አንዲት ሴት ጠርታ ታበላው ይሆናል። እኔ እዚህ የሰው ልጅ እያስራብኩ፣ ያችን ሴት በምን ዓይኔ ነው የኔን አብዪልኝ የምላት?"

ሄጄ በሬን ዘጋሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ያን ወሬ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አላሰለቻችሁም። ከተማችን በጥቅምት መጨረሻ ተያዘች፣ ታኅሣሥ ላይ ተለቀቀች። ትምህርት ቤታችን ሲከፈት ዴስኩ ሁሉ ማገዶ ሆኖ አልቋል፤ ቸርኬዬ ብቻ ቀርታለች፤ ምን ያደርጉላታል። ልጆቹ መጡ። አቤት አመጣጥ! ጺሜን የሚሰድብ አንድ ልጅ ጠፋ። መብራት የለ፣ ወፍጮ የለ፤ ሰው ቆሎና ንፍሮ እየበላ ነው ያደረው፤ እሱም ላገኘ። ዑሚ ግን በመጀመሪያው ቀን ዋርካዋ ሥር አለች። እህሉ ቢጠፋ ዓሣው ከሐይቁ አልወጣም፤ እሱን መጥበስ ጀመረች። ልጆቹ ከነእሾሁ ሊውጡት ሲሉ እሷ "ቀስ፣ የኔ ማር፣ ቀስ" እያለች እሾህ ስትለቅም ነው የምታረፍደው።

ከነዚህ ልጆች አንዷ ፋና ናት። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። ያቺ ጺሜን መጥረጊያ ያለች የመጀመሪያዋ ባለጌ እሷ ናት። እናቷ ሙሉአለም የኛ የጓሮ ጎረቤት ናት፤ አባቷ ዝናው ግንበኛ ነበር። በክረምቱ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ግንባር ወጣ፤ አልተመለሰም። አንዱ ቆስሎ ሆስፒታል ነው ይላል፤ ሌላው ተማርኮ ነው ይላል፤ ወሬ ነው ሁሉም።

የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ። ዑሚ በመጀመሪያው የጾም ቀን እንደ ልማዷ ዓሣውን ጠብሳ፣ የክርስቲያኖቹንም ልጆች "ኑ ብሉ!" ትላለች። እንዴ! ከበሬ ሮጬ ሄድኩ።

"ምን እያደረግሽ ነው? ጾም እኮ ነው!"

"ታዲያ እኮ፣ ዓሣ ነው እኮ! ሁዳዴ ሲገባ አይደል እንዴ ክርስቲያኑ ዓሣ እየተሻማ የሚገዛኝ?"

"የሚበላ ይብላ! በኛ ሰፈር ዓሣ ነፍስ ያለው ነው፤ አይበላም!"

"ጎረቤትዎ ታረቀኝስ? ትናንት ለዛሬ ብሎ አይደል የገዛኝ?"

"የታረቀኝን ራሱን ታረቀኝን ጠይቂው!" አልኳት፤ ልጆቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ ግን አዲስ ድስት ገዝታ መጣች፤ ቅቤም ዓሣም ያልነካው። ስንዴውን በሙቀጫ እየከካች በዘይት ቂንጬ ሠራችላቸው። ዓሣው ለብቻው፣ ቂንጬው ለብቻው። እንዲህ ናት፤ ተቆጥተው ሳይጨርሱ አስተካክላ ትጠብቅዎታለች።

ቂንጬው ለጿሚ ልጆች ሁሉ ሲዳረስ ፋና ግን አልፋው ትገባለች። አንድ ቀን አለፈች፤ ሌላም ቀን አለፈች። ቤቷ በልታ ይሆናል አልኩ። ቤቷ በልታ ይሆናል አልኩ። አንድ ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ከሰልፉ መሐል ወደቀች።

አቅፌ ወደ ዑሚ ሮጥኩ። ውኃ ወደ አፏ ስናስጠጋ ጥርሷን ነከሰች። "አልጠጣም" አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ። "ስለት አለብኝ።"

ነገሩ ኋላ ነው የተገለጠልን። ለግሸን ማርያም ተስላለች። አባቴን መልሽልኝ፣ እኔ ሁዳዴን ሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አልቀምስም ብላ። ማን አስተማራት? ማንም! ከራሷ ነው ያመጣችው። ሙሉአለም ስትጠራ እያለቀሰች መጣች። "ያላደረግሁት የለም ጋሽ ባዬ። የነፍስ አባታችን እንኳ 'አንቺ ሕፃን ነሽ፣ ብዪ' ቢሏት 'ለእርስዎ አይደለም የተሳልኩት' አለቻቸው" አለችኝ። ሳቅም መጣብኝ፣ ዕንባም መጣብኝ። ልጅቷ እጇ ላይ አጥንቷ ይቆጠራል። ጦርነቱ ሥጋዋን ሁሉ ከላይዋ ወስዶታል፤ አሁን ደግሞ ቁርሷን በገዛ እጇ ከተወች ፋሲካን አትደርስም። ይሄን ሁላችንም አይተናል፤ ግን ማን ይንገራት?

በማግስቱ ዑሚ ምድጃዋን ትታ መንገዱ መሐል ጠበቀቻት።

"ነዪ እስቲ ፋንዬ። ስለትሽን ለኔ ስጪኝ።"

"ምን?"

"ስለትሽን። እኔ ልጹምልሽ። አንቺ ብዪ፣ እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ለአባትሽ።"

ፋና አየቻት። "አንቺ እስላም ነሽ እኮ።"

"ብሆንስ? መርየም በኛም ኪታብ አለች። እናቴ ደግሞ ግሸን ዣንጥላ አስገብታ ነው እኔን የወለደችው፤ ሙሉ ወሎ ሲሳል የኖረው እንዲህ ነው። ማርያም እኔን አታውቀኝም ብለሽ ነው?"

ልጅቷ ቆማ አሰበች። እኔ ደወሌን ልደውል ብረቱን ይዤ ቆሜያለሁ። ከዚያ መከራከር ጀመረች፤ ዳኛ ናት! ውኃም አይጠጣም? አይጠጣም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አይበላም? አይበላም። ወጥ ሲሠራ ጨው መቅመስስ? "እሱም ይቅር" አለች ዑሚ። ይሄኔ ፋና ተቀመጠች። ቂንጬውን በላች። እየበላች ግን ዓይኗን ከዑሚ አፍ ላይ አላነሳችም፤ ትሰርቀኛለች ብላ።

እንዲህ ሆነና ዑምኩልሱም፣ ያቺ ሙስሊም ሴትዮ፣ ሁዳዴን መጾም ያዘች። ጨው የማትቀምስበት ቂንጬ ግን ምኑ ይወራል! አንድ ቀን ጨው የለውም፣ በማግስቱ ጨው ብቻ ነው። ልጆቹ "ዑሚ ዛሬ አሞሌ ሙሉ ቀይጠሽበታል?" ይሏታል። እሷ ትስቃለች። ፋና እየዳነች ሄደች። ጉንጯ ሞላ። አንድ ጠዋት "ጋሽ መጥረጊያ!" ብላኝ ሮጣ ስትገባ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ቀን ስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ረመዳን ገባ። ያን ዓመት ሁለቱ ጾሞች ተገናኝተው ነበር። እኔ ተገላገለች ብዬ ነበር፤ ያው ከንጋት እስከ መግሪብ መጾሟ አይቀር፣ የፋናም አብሮ ይታሰባል። ፋና ግን በመጀመሪያው ቀን ሳህኑን ገፋችው።

"ይሄማ የራስሽ ጾም ነው" አለቻት። "የኔስ?"

አይ ይቺ ልጅ! "አንድ ሆድ ስንት ጊዜ ይጹም?" ብዬ ልጮህባት ስል ዑሚ በእጇ ዝም አሰኘችኝ።

"እውነቷን ነው" አለች። አሰበች፣ አሰበችና፣ "እኛ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት የምንበላው ሱሑር አለ አይደል? የጿሚ ቁርስ ማለት ነው። እሱን እተውልሻለሁ። የራሴን ጾም በማፍጠሪያዬ እይዛለሁ፤ ያንቺን በሱሑሬ።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

"ማየት አልችልም እኮ። ሌሊት ነው።"

"ጠዋት ጠዋት ጠይቂኝ። በረመዳን አልዋሽሽም።"

ሱሑር ሳይበሉ ረመዳንን መጾም ምን እንደሆነ ሙስሊም ጎረቤት ያለው ያውቀዋል። ማታ ባፈጠረችው ብቻ ቀኑን ሙሉ፣ እሱም እሳት ፊት ተቀምጣ። ፋና በየጠዋቱ "ሱሑር በልተሻል?" ትላታለች። "አልበላሁም።" ከዚያ ነው ሳህኑን የምትቀበለው። ዑሚ ስትነሳ ዋርካውን መያዝ ጀመረች።

ሆሳዕና ሊደርስ ሲል አንድ ሰው በበሬ መጣ። የውጫሌ ሰው ነው፤ ክንዱ በጨርቅ ታስሯል። የዝናውን ቤት ጠየቀኝ። ፊቱን ሳየው ገባኝ። "ለምን ፈለግኸው?" አልኩት። አንገቱን ደፋ። እስከ ጋሸና አብረን ነበርን፤ እዚያው ነው የወደቀው፤ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ አለኝ። ዑሚ ምድጃዋን ትታ መጥታ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ሰማች። "ኢና ሊላሂ" አለች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀችው።

የዕድር ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ሕማማት ሊገባ ነው፣ ፍትሐት የለም፤ መርዶው ፋሲካ ካለፈ በኋላ ይነገር ተባለ። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል።

በማግስቱ ጠዋት ፋና መጣች። "ሱሑር በልተሻል?"

"አልበላሁም" አለች ዑሚ። ፋና ተቀምጣ በላች።

ልጅቷ ስትገባ ጠብቄ ዋርካው ሥር ሄድኩ፤ ደሜ ፈልቷል። "አንቺ፣ አብደሻል? ሰውዬው ሞቷል! ትናንት በጆሮሽ ሰምተሻል! ለማን ብለሽ ነው ሱሑርሽን የምትተዪው?"

"ይጮሃሉ፣ ቀስ ይበሉ ጋሽ ባዬ።"

"ብዪ፣ ሌሊት ብዪና ጠዋት አልበላሁም በያት! ማን ያይሻል?"

"በረመዳን ልዋሽ? ለሕፃን ልጅ?" አለችኝ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። "በላሁ ካልኳት ደግሞ ሳህኑን ትገፋዋለች። እኔ ለዝናው አይደለም አሁን የምጾመው፤ አላህ ይዘንለት። ለሷ ቁርስ ነው። መርዶዋን በባዶ ሆዷ አትስማ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድጃዋን እኔ ነኝ የማነሳላት፣ ውኃውን እኔ ነኝ የምቀዳላት፤ እየተሳደብኩ።

ፋሲካ አለፈ። በዚያው ሳምንት አንድ ማለዳ ጎሕ ሲቀድ ለሙሉአለም ተነገራት። ያን ጩኸት ልነግራችሁ አልችልም። ዑሚ ከሁሉም ቀድማ ደርሳ ሙሉአለምን አቅፋ መሬት ላይ ነበረች። ፋና ግን አላለቀሰችም። ጥግ ላይ ቆማ ዑሚን ብቻ ታያለች፤ ያ ዓይኗ እኔንም ፈጀኝ።

ዒዱ መጣ፤ ዑሚ አዲስ ልብስ አልለበሰችም። ዒዱ ካለፈ በኋላ ምድጃዋን ይዛ ወጣች፣ ግን ሥራዋ ሥራ አልነበረም። ዘይቱ ይቃጠላል፣ እሷ መንገዱን ታያለች። ትጠላኛለች ብላ ፈርታለች። እኔም ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ። ከሁሉ በላይ የፈራነው ልጅቷ ደግማ እህል እምቢ እንዳትል ነው።

ፋና መጣች። ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ጥቁር ሻርፕ አንገቷ ላይ አለ። አጥሩን ታክካ ነው የመጣችው። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ብረቱ እጄ ላይ ነው። ምድጃው ፊት ለፊት ቆመች።

"አንድም ቀን አልበላሽም?" አለች።

"ሁዳዴው እስኪያልቅ፣ ወላሂ፣ አንድም ቀን።"

"ታውቂ ነበር?"

እኔ በዑሚ ቦታ ብሆን እዋሽ ነበር። ረመዳን አልቋል፣ ማንም አይይዛትም።

"አውቅ ነበር" አለች ዑሚ። "ከሆሳዕና በፊት አወቅሁ።"

"አባቴ እንደሞተ እያወቅሽ ነው ሱሑርሽን የተውሽው?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"እኔ ካልጾምኩ አትበዪማ፣ የኔ እናት!" አለችና ዑሚ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች። ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችው ለቅሶ ያኔ ነው የመጣ።

ፋና ቆማ አየቻት። ልጅ ሲያስብ ፊቱ ላይ ይታያል። ቀስ ብላ መጥታ ጎኗ ተቀመጠች፣ እጇን የዑሚ ጉልበት ላይ አደረገች።

"አብሽሪ ዑሚ" አለቻት። "አሁን ደግሞ እኔ ለሙነወር ልጹምልሽ።"

ይኸው፣ አልኩ፣ የፈራነው መጣ። ዑሚ ዓይኗን ጠረገች። ድስቱን ከፈተች፣ ሳህኑን ሞላች።

"የሙነወር ስለት ጾም አይደለም" አለች። "እኔ ለሱ የተሳልኩት እዚህ በር ላይ ልጅ ጠግቦ እንዲገባ ነው። ሌላ ስለት የለውም። ልትረጂኝ ከፈለግሽ፣ ብዪልኝ።"

ፋና ሳህኑን ተቀበለች። አንድ ማንኪያ ወሰደች፣ እስክትውጥ ዓይኗ ዕንባ ሞላ። "ይሄ ለሙነወር" አለች። ሌላ ወሰደች። "ይሄም ለሙነወር።" ዕንባዋ ሳህኑ ውስጥ እየወረደ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ እየጠረገች፣ ትበላለች።

ሁለት ሰዓት ሞልቶ አለፈ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ዞረው ያዩኛል፤ ባዬ ምን ነካው? ርዕሰ መምህሩ ከቢሮው ወጥቶ "ጋሽ ባዬ! ደወሉ እኮ!" ብሎ ጮኸብኝ።

"ልጅ እየበላች ነው!" አልኩት፣ ከሱ በላይ ጮኼ።

ፋና ሳህኗን ለዑሚ ዘረጋች። "ጨምሪልኝ" አለች። ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት።